ማን ቤት አደራችሁ?

ከሲያትል በስተምሥራቅ፣ በካስኬድ ተራሮች ላይ ያሉት የኢንቻንትመንትስ ሐይቆች ዘንድ ድንኳን ተክሎ ማደር የሚቻለው በዕጣ ነው። ማመልከቻው በፌብሩዋሪ አጋማሽ ይከፈታል፤ የሚፈልገው ሰው ብዙ፣ የሚደርሰው ጥቂት ነው። እኛም በየስማችን አመልክተን ከመካከላችን ለነርሷ እህታችን ወጣላት። በአንድ ፈቃድ ከስምንት ሰው በላይ ስለማይገባ ያልደረሳቸው ጓደኞቻችን እስከ ዛሬ አኩርፈዋል።

ስንቃችንን ያዘጋጁት፣ የአውቶቡስ ሹፌር ሆነው ጡረታ የወጡት ጋሼ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1938 እዚሁ ሲያትል የተመሠረተው አር.ኢ.አይ. የተባለው መደብር ለተራራ ተጓዦች በሙቅ ውሃ የሚርስ ደረቅ ምግብ ይሸጣል። ጋሼ የአንዷን ከረጢት ዋጋ አይተው መልሰው አስቀመጧት። «ድርቆሽ፣ በሶ፣ ሽሮ፣ ቆሎ። ዘማች በዚህ ነው አገር ያቋረጠው» አሉን። የሚከራከራቸው አልተገኘም።

መስቀልን ሲያትል ውለን፣ ኦክቶበር እንደገባ በስቲቨንስ ፓስ በኩል ሌቨንዎርዝ ወረድን። ይህች ከተማ የእንጨት ሥራዋ ሲከስም ቤቶቿን እንደ ጀርመን ባቫሪያ አስጊጣ በቱሪስት የምትኖር ናት። ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ በአይስክል ወንዝ ዳር መኪና አቁመን መውጣት ጀመርን። እስከ ስኖው ሐይቆች ያለው ዳገት ከ1,200 ሜትር በላይ ያስወጣል። ድንኳን፣ የመኝታ ከረጢትና ስንቅ የያዘው ሻንጣ ትከሻ ይሰብራል። ከደባርቅ የመጣው ጓደኛችን፣ የደባርቁ ልጅ፣ ብቻ ከፊት ከፊት እያለ፣ በየመታጠፊያው ቆሞ ይጠብቀን ነበር።

ሐይቁ ዳር ስንደርስ ጨልሟል። እሳት ማንደድ ክልክል በመሆኑ ሽሯችንን የሠራነው በትንሽ የጋዝ ምድጃ ነው። ጋሼ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው፣ «ደመራ በለኮስን ሰሞን እሳት የማይነድበት አገር መጣን!» ሲሉ ከብርዱ ጋር የታገልነው በሳቅ ነው።

በማግስቱ ወደ ላይኞቹ ሐይቆች ወጣን። ድንጋዩ ነጭ ግራናይት ነው፤ በየጎድጓዳው ውሃ ተኝቷል፤ በውሃው ዙሪያ ላርች የሚባለው ዛፍ ወርቅ መስሎ ቆሟል። ላርች ከጥድ ወገን ቢሆንም በመጸው ቅጠሉን ያረግፋል፤ ከመርገፉ በፊት ለጥቂት ሳምንታት ቢጫ ይሆናል። ያ ሁሉ ሰው ዕጣውን ለኦክቶበር የሚመኘው ለዚህ ነው። የተራራ ፍየሎችም አሉ፤ ነጭ፣ ጸጉራም፣ ሰው የማይፈሩ። ጨው ስለሚያምራቸው ሰው የሸናበትን ይልሳሉ። ስለዚህ ተጓዥ ሣር ላይ ሳይሆን ድንጋይ ላይ እንዲሸና ይመከራል፤ አለዚያ ፍየሎቹ ጨው ፍለጋ ሣሩን ከነሥሩ ይነቅሉታል። ነርሷ ይህን መመሪያ ለጋሼ እንዴት እንደምትነግራቸው ጨንቋት፣ በመጨረሻ እኔን ላከችኝ።

አስጋርድ ፓስ የሚባለው የመንገዱ ከፍተኛ ቦታ 2,380 ሜትር ገደማ ነው። ከሱ በታች ባለው ሐይቅ ዳር ዛፉ አልቆ ድንጋይና ውሃ ብቻ ቀርቷል። የደባርቁ ልጅ የከፍታ መለኪያውን አይቶ፣ «ይሄ እኮ አዲስ አበባ ነው!» አለ። እውነቱን ነው። አዲስ አበባ በዚሁ ከፍታ ላይ ሚሊዮኖችን ታኖራለች። እዚህ ግን ከምድር ወገብ 47 ዲግሪ ርቀናል፤ በረዶው እስከ ጁላይ ይቆያል፤ ማረሻ የሚሸከም አፈር የለም። ሰሜን ተራሮች ላይ ከዚህ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ፣ ግጭ በምትባል መንደር ገብስ ይዘራ ነበር።

«ነበር» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቋመ፣ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ። የግጭ ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ተደረገ፤ በዓመቱ ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። የደባርቁ ልጅ ዘመዶቹ ከተዛወሩት መካከል ናቸው። ያን ማታ ድንኳን ውስጥ ተጠጋግተን ስናወራ፣ «ዋልያው እንዲተርፍ እፈልጋለሁ፤ ግን የአጎቴ ቤት የነበረበትን ሰው ያልኖረበት ምድር ሲሉት ያመኛል» አለን።

እኛ የምንተኛበት መሬትም ሕግ ያለው ነው። ፕሬዚዳንት ጆንሰን በ1964 የፈረሙት አዋጅ እንዲህ ባለው ስፍራ ሰው ጎብኝቶ የሚሄድ እንጂ የሚኖር እንዳይሆን ይደነግጋል። በ1976 ይህ ስፍራ በዚያ አዋጅ ጥላ ሥር እንዲገባ፣ ራሳቸው ተራራ ወጪ የነበሩት አገረ ገዥ ዳን ኤቫንስ ለፕሬዚዳንት ፎርድ የሐይቆቹን የፎቶ መጽሐፍ አሳይተው እንዳሳመኗቸው ይነገራል። ፎርድ ፈረሙ። ያ ፊርማ ባይኖር መጋዝና መንገድ እስከ የት ይወጡ እንደነበር አላውቅም፤ በግሌ ስለ ፊርማው አመሰግናለሁ።

በመጨረሻው ቀን ከአስጋርድ ወደ ኮልቸክ ሐይቅ ወረድን። ቁልቁለቱ ልቅ ድንጋይ ነው፤ ከአንድ ኪሎ ሜትር ብዙም ባልበለጠ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ያወርዳል። ጋሼ በሁለት ምርኩዝ፣ አንዳንዴም በመቀመጫቸው ወረዱት።

ሌቨንዎርዝ ስንደርስ ስልካችን ነቃ። የደባርቁ ልጅ እናቱ ዘንድ ደወለ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎት ሁላችንም ሰማን።

«ተራራ ላይ ሰንብተን መጣን፣ እማዬ።»

«እሰይ! ማን ቤት አደራችሁ?»

«ሰው የለበትም፤ ድንኳን ውስጥ ነው።»

«ውይ! ሰው የሌለበት አገር ምን ልትሠሩ ሄዳችሁ?»

ሳቅን። ጥያቄው ግን መልስ አለው። ሰው ነበረበት። ዌናቺ የሚባሉት ነባር ሕዝቦች አይስክል ወንዝ ከዌናቺ ወንዝ ጋር በሚገናኝበት ሳልመን ሲያጠምዱ፣ ከተራራውም ሲያድኑና ፍሬ ሲለቅሙ ኖረዋል። በ1855 በዋላ ዋላ የተፈረመው ውል የማጥመጃ መሬታቸው ተከልሎ እንዲጠበቅላቸው ቃል ገብቶ ነበር፤ ቃሉ ሳይፈጸም በ1894 መንግሥት መብቱን በገንዘብ ገዛው። እ.ኤ.አ. በ2010 ግን የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት እዚያው አይስክል ላይ ማጥመድ እንደሚችሉ አጸና። እናቲቱ እንደጠየቁት ቢሆን፣ ያደርነው ባለቤቱ በወጣበት ቤት ነው። ተራራውን ስለዚህ አልጠላሁትም፤ ለሚቀጥለው ዓመት ዕጣም አመለክታለሁ። ሰው ያልኖረበት ምድር ነው ብዬ ግን ለማንም አልነግርም።