የጡት ልጅ

ሴቷን ልጄን ለሌላ ሴት ጡት አሳልፌ የሰጠኋት በተወለደች በሦስተኛው ሌሊት ነው። ጥቅምት 2016 ዓ.ም. ነበር። መካነ ሰላም ደጋ ነው፤ በዚያ ወር ሰማዩ ጠርቶ ያድርና ሲነጋ ሣሩ ላይ ውርጭ ይታያል።

መንታ ማርገዜን ያወቅሁት በአምስተኛው ወር ነው። መንታ ምን ማለት እንደ ሆነ የገባኝ ግን ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲያለቅሱ ነው። ቀናቸው ሊሞላ ሦስት ሳምንት ሲቀረው መጡ፤ ወንዱ ሁለት ኪሎ ከአራት መቶ፣ ሴቷ ሁለት ኪሎ ሙሉ። አዋላጇ ሲስተር ሁለቱንም ራቁታቸውን ደረቴ ላይ አጋደመችና በላያችን ጋቢ ደረበች። «ከእንግዲህ ምድጃቸው አንቺ ነሽ» አለችኝ። ወንዱ ወዲያው አፉን ከፍቶ ፈለገ፤ አገኘ፤ ያዘ። ሴቷ ሁለት ጊዜ ስባ እንቅልፍ ወሰዳት። የሁለቱ ጠባይ እስከ ዛሬም እንዲያው ነው።

እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ያልተነበበ ነገር ያስፈራኛል። በእርግዝናዬ ወራት ስለ መንታ አጠባብ ከስልኬ ላይ አነብባለሁ ብዬ ነበር። ዳሩ ግን በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ተቋረጠ። ከደሴ በአቀስታ በኩል የሚመጣው መኪና አንድ ሳምንት ይመጣል፣ አንድ ሳምንት ይቀራል። ስለዚህ ስለ ማጥባት የማውቀውን ሁሉ የተማርሁት ከሴቶች አፍ ነው። ሴቶቹ ደግሞ ሁልጊዜ አልተስማሙም።

በቤቱ ሁለት አያቶች ነበሩ። እናቴ ከወግዲ መጥታለች፤ አማቴ የዚሁ የቦረና ሰው ናቸው። አማቴ ከደጅ ሲገቡ በትንሽ ሙዳይ ለጋ ቅቤ ይዘው ነበር፤ ለሕፃናቱ አፍ ማለስለሻ መሆኑ ነው። የመጀመሪያው ቢጫ ጡትም ታልቦ እንዲደፋ አዘዙ። «ዘጠኝ ወር የተኛ ነው፤ ሆድ ያማል» አሉ። ሲስተር ግን አንዲት ጠብታ እንዳትባክን፣ ከጡት በቀርም ምንም እንዳይቀምሱ አጥብቃ ነግራኛለች። እኔ በሁለቱ መካከል ተኝቼ ዝም አልሁ። መልስ የሰጠችላቸው እናቴ ናት።

«እመቤቴ፣ እርስዎ ከብት አርብተዋል። ጥጃ እንገር ሳይጠጣ ሲቀር ምን ይሆናል?»

አማቴ ትንሽ አሰቡ። «ይሞታላ» አሉ።

«ታዲያ ይኸም እንገር ነው።»

ቅቤው ወደ እኔ ገንፎ ዞረ፤ ነገሩን ዳግመኛ ያነሣው የለም። በየጤና ኬላው ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ሥዕል ሁሉ ያቃተውን አንድ ጥጃ ቻለው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከስድስት ወር በታች ካሉት የኢትዮጵያ ሕፃናት የእናት ጡት ብቻ የሚመገቡት 58 በመቶ ነበሩ። ከቀሪዎቹ ስንቱ ውሃ፣ ስንቱ የላም ወተት፣ ስንቱ የአያት ቅቤ እንደ ቀመሰ እንጃ። አያቶቹን ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አልወቅስም። የሚሰጡት የነበራቸውን ከሁሉ የሚበልጥ ነገር ነበር።

እንገሩ ለሁለት አልበቃም። ወንዱ ያለውን ሁሉ ይጠባል፤ ሴቷ ተራዋ ሲደርስ ትተኛለች። እግሯን ብንኮረኩር፣ ጆሮዋን ብንነካካ፣ ልብሷን ብናወልቅላት ዓይኗን ገልጣ አይታን መልሳ ትጨፍናለች። በሦስተኛው ቀን ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ጨርቅ ብቻ አረጠበች። ሲስተር ከሥራዋ ስትወጣ ጎራ ብላ መዘነቻት፤ አንድ ኪሎ ከስምንት መቶ ሃያ። ሲስተር ፊቷን ልትደብቀኝ ሞከረች፤ ግን አየሁት።

«ያንቺ ወተት ይመጣል፤ ዘግይቷል እንጂ አልቀረም» አለችኝ። «ይህች ልጅ ግን ዛሬ ሌሊት ባዶ ሆዷን ማደር የለባትም።»

ባለቤቴ የዱቄት ወተት ፍለጋ ከተማውን አዳርሶ ባዶ እጁን ተመለሰ። መኪናው የቀረበት ሳምንት ነበር።

በዚህ ጊዜ እታለም ከእግሬ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር። እታለም የምላት የአጥር ጎረቤቴ ናት፤ ከእኔ በጥቂት ዓመት ትበልጣለች። ያን ጊዜ የአራት ወር ወንድ ልጅ ታጠባ ነበር። ሁሉን ሰማች፤ ምንም አላለችም። ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች። ልቤ ተሰበረ፤ ምን እንደ ጠበቅሁ ግን ለራሴም አልነገርሁትም ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ ባሏንና አንድ ሽማግሌ ዘመዳቸውን አስከትላ ተመለሰች።

የደቡብ ወሎ ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ እታለምም ሙስሊም ናት። ለእርሷ ጡት መስጠት እንደ ሊጥ ብድር ያለ ነገር አይደለም። በሸሪዓ ከአንዲት ሴት ጡት የጠባ ሕፃን ልጇ ይሆናል፤ ከልጆቿም ጋር መጋባት እንደ ሥጋ ወንድምና እኅት ሐራም ነው። ስንት ጊዜ ሲጠባ ዝምድናው ይጸናል በሚለው መዝሀቦቹ ይለያያሉ፤ ሻፊዒዎቹ አምስት ጊዜ ይላሉ፣ ለሐነፊዎቹ አንዴም ይበቃል። ነቢዩ ሙሐመድን በሕፃንነታቸው ያጠባችው ሐሊማ እናት ትባል የነበረው በዚሁ ምክንያት ነው። በእኛም ዘንድ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ድሮ ጎልማሳ ሰው እንኳን ማር የተቀባ አውራ ጣት ጠብቶ ለጌታው የጡት ልጅ ይሆን ነበር። ክርስትና ያነሣም ከክርስትና ልጁ ጋር አይጋባም። ዝምድና በደም ብቻ እንደማይቆጠር ሁለታችንም ከየቤታችን ተምረነው ነው የመጣነው።

«ጡቴ ሞልቶ ይፈስሳል» አለች እታለም፣ ቆማ። «ግን ነገሩ የአንድ ሌሊት አይደለም። ከጠባች ልጄ ናት። ልጄም እኅቱን አያገባም። ነገ ሲያድጉ ረስታችሁ እንዳታሳፍሩኝ፤ አውቃችሁ ስጡኝ። እነዚህን ያመጣኋቸው ምስክር እንዲሆኑ ነው።»

ሲስተር ጣልቃ ገባች። ኤች አይ ቪ በጡት ወተት እንደሚተላለፍ፣ ስለዚህ የእታለምን የእርግዝና ክትትል ካርድ ማየት እንዳለባት፣ ካርዱም ስለ ቆየ ደሟን እንደገና መመርመር እንደሚያስፈልግ ተናገረች። እኔ በኀፍረት ግንቡን አየሁ። ቸር ሴት ልጄን ላጥባ ብትል መርፌ ይጠብቃታል! እታለም ግን አልተቀየመችም። «ለልጄም ቢሆን አንቺ ይህን ሳትጠይቂ ብትቀሪ ነበር የምቀየምሽ» ብላት ተያይዘው ሄዱ። ሲመለሱ ሲስተር ራሷን በእሺታ ነቀነቀችልኝ።

የቀሩት አማቴ ነበሩ። መቁጠሪያቸውን ይዘው ከጥግ ተቀምጠዋል። ልጅቱ አልተጠመቀችም፤ የምታስጨንቃቸው ሐሳብ ምን እንደ ሆነች ሁላችንም እናውቅ ነበር። ባለቤቴ እንኳ እናቱን ቀና ብሎ ማየት አልደፈረም። እርሳቸው ግን ለእርሱ ሳይሆን ለእኔ ተናገሩ።

«በሰባ ሰባት ጡቴ ነጥፎ ነበር» አሉ። «ሰው የሚበላው በሌለበት ዓመት ጡት ከየት ይመጣል። ይህ ባልሽ የሦስት ወር ነበር። የታች ሰፈሯ ሴት ልጇ ሞቶባት፣ ጡቷ ግን አልሞተም ነበር። እስላም ናት። ነፍሷን ይማረው።» መቁጠሪያቸውን ወደ ጉያቸው ከተቱ። «ስጫት።»

ባለቤቴ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን አልሰማም። ወጥቶ ደጅ ቆመ፤ እኔም አልጠራሁትም።

እታለም ልጅቱን ስትቀበለኝ «ቢስሚላህ» አለች። ሞልቶ የሚፈስስ ጡት ሕፃን ብዙ አያደክምም፤ ልጄ ገና አፏን ስታስገባ ወተቱ መጣላት፤ ዋጠች። የመዋጧ ድምፅ ተሰማ። ክፍሉ ውስጥ ስድስት ሰው ሆነን ትንፋሻችንን ውጠን ያንን ድምፅ አዳመጥን። ደስ አለኝ፤ ቀናሁም። ሁለቱም እውነት ነው። በዚያች ሰዓት የገዛ ጡቴን እንደ ሰነፍ ተማሪ ጠላሁት።

እታለም ለአሥራ አንድ ቀን መጣች፤ ቀን ሦስቴ፣ ሌሊት ሁለቴ። ሌሊት ባሏ ፋኖስ ይዞ እስከ ደጃችን ያደርሳትና ውጭ ቆሞ ይጠብቃት ነበር፤ ለውርጩ ብርድ ልብስ ተከናንቦ።

እርሷ በማትኖርበት ሰዓት ሥራው የእኔ ነው። የሲስተር ትእዛዝ አጭር ነበር፤ ጡት የሚሠራው ሲታለብ ነው፣ ባዶ በሆነ ቁጥር ይበልጥ ይሠራል። ስለዚህ ወንዱ ከጠባ በኋላ በእጄ አልባለሁ። ታጥቦ በተቀቀለ የቡና ሲኒ ይጠራቀማል፤ በመጀመሪያው ቀን የሲኒው ታች እንኳ አልተሸፈነም። እናቴ ሴቷን ቀና አድርጋ ይዛ የሲኒውን ከንፈር ከከንፈሯ ታስነካለች፤ ልጅቱ እንደ ድመት ግልገል በምላሷ ትልሳለች። አንድ ሲኒ ለማጠጣት ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። እንዲህ ያለውን ትዕግሥት በሰው ላይ አላየሁም፤ እናቴ ለእኔ ፊደል ስታስቆጥረኝ እንኳ አልነበራትም።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ከትምህርት ቤት የክፍል መቆጣጠሪያ ደብተር አምጥታ በገጹ ላይ መስመር አሠመረችልኝ፤ ሰዓት፣ የማን ተራ፣ ቀኝ ወይስ ግራ፣ ስንት ጨርቅ ረጠበ። በየማለዳው ከደወል በፊት እየመጣች ስሌቱን ትሠራለች። እንቅልፍ ያጣ ሰው ልጆቹንም ያምታታል፤ አንድ ሌሊት ወንዱን ሁለት ጊዜ አጥብቼ ሴቷን ረስቼ ያወቅሁት በዚያ ደብተር ነው። ደብተሩ ዛሬም አለ። አንዳንድ ገጹ ላይ የአጥሚት ጠብታ አለበት።

ስለ ምግቡ ብዙ አልል። አብሽ፣ ተልባ፣ የገብስ ገንፎ፣ የአጃ አጥሚት፤ ጎረቤት ሁሉ በየተራ ድስት ተሸክሞ ይገባል። አንድ ሕፃን ጥቂት ሲያድግ በቀን ሦስት አራተኛ ሊትር ያህል ይጠባል፤ መንታ ሲሆን አንድ ሊትር ተኩል ነው። ያ ሁሉ ከአንዲት ሴት አካል ይወጣል ይባላል። ከሰፈሩ ድስት እንደሚወጣ ግን እኔ አይቻለሁ።

በስምንተኛው ቀን ንጋት ላይ ነቃሁ። ደረቴ ርሷል፤ ጋቢው ርሷል። እናቴን ቀሰቀስኋት። «ምን ሆንሽ?» ብላ ደንግጣ ተነሣች። አሳየኋት። እልል አለች፤ ሁለቱ ሕፃናት በድንጋጤ ጮኹ፤ ከአጥሩ ማዶም የእታለም ልጅ አብሮ ጮኸ።

ከዚያ በኋላ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማጥባት ለመድሁ። ትራስ ከግራና ከቀኝ ይደረግና ራሳቸው ወደ ፊት፣ እግራቸው በብብቴ ሥር ወደ ኋላ ይሆናል። አማቴ «ሁለት ጠቦት የተሸከመ ነጋዴ» ብለው ይሥቁብኝ ነበር። አንዴ ግራው ጡቴ ደንድኖ ትኩሳት ጣለኝ፤ ደግነቱ ወንዱ ማንም መድኃኒት እንደማይችለው አድርጎ ስቦ አቃለለልኝ። እታለም እስከ አሥራ አንደኛው ቀን የቀጠለችው ሲስተር ሚዛኑን አይታ «አሁን በቃ» እስክትል ነው። በመጨረሻዋ ሌሊት ልጅቱን ስትመልስልኝ ትንሽ ቆይታ ነው የሰጠችኝ። አየኋት፤ እርሷም እንዳየኋት አወቀች።

የጤና ባለሙያ ሁሉ ስድስት ወር ጡት ብቻ ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው ፈቃድ ዘጠና ቀን ነው። ቀሪውን ዘጠና ማን እንደሚሞላው የሁለቱም ጸሐፊዎች አልተነጋገሩም።

ወንዱ በአርባ ቀኑ ክርስትና ተነሣ። የሴቷ ሰማንያ ቀን ነው፤ እስከዚያ ድረስ ለእኔም ቤተ ክርስቲያን መግባት አይፈቀድልኝም። ስለዚህ አባቱና አያቶቹ ልጁን ይዘው ሲገቡ እኔ ሴቷን ታቅፌ ከቅጥሩ ውጭ፣ ከዛፍ ሥር ድንጋይ ላይ ቀረሁ። እታለምም ልጇን አዝላ አብራኝ ቀረች። ጾመ ነቢያት ስለ ነበረ ድግሱ ሽሮና ክክ ነው፤ የማን እርድ የሚል ጣጣ አልተነሣም፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ሁለት በግ፣ ሁለት ቢላዋ፣ ሁለት ድስት ማሰናዳት ነበረብን። ፀሐዩ ገና አልሞቀም። ከውስጥ ቅዳሴው ይሰማል። ሁለታችንም መግባት የማንችል ሴቶች ሆነን ስለ ገብስ ዋጋ አወራን።

ወንዱ ተጠምቆ፣ ማተቡን አስሮ፣ በብርድና በረሃብ እየጮኸ ወጣ። ጩኸቱን ስትሰማ ሴቷም ነቃች። አማቴ ወንዱን ወደ ጭኔ ሲያቀብሉኝ እታለም ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መልሳ እጇን ዘረጋች።

«የኔይቱን አምጫት» አለችኝ።