ከደብረ ማርቆስ እስከ ጣና፤ ታላቁን ዓሣ ፍለጋ

በ2011 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፣ የአገራችን ልጅ የሆነና በካናዳ በማኒቶባ ጠቅላይ ግዛት የሚኖር አንድ ወዳጃችን ደብዳቤ ከፎቶግራፍ ጋር ላከልን። በፎቶግራፉ ላይ ወዳጃችን አንድ ረዥም ዓሣ በሁለት እጁ ታቅፎ ይታያል። የዓሣው አፍ እንደ ዳክዬ መንቁር ጠፍጣፋ ነው፤ ጥርሱም የሰላ ነው። ስሙን ፓይክ ይሉታል።

ወዳጃችን እንደ ጻፈልን፣ በዚያ አገር ታላቅ ዓሣ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ሐይቁን ስለ መምረጥ ነው። መኪና የሚደርስበት ውኃ አጥማጅ ይበዛበታልና ዓሣው ሳያድግ ያልቃል። ስለዚህ በውኃ ላይ በምታርፍ ትንሽ አይሮፕላን ተሳፍረው፣ መንገድ ወደማይደርስበት፣ በዱር መካከል ወዳለ ሐይቅ ይሄዳሉ። ውኃው ቀዝቃዛ ስለ ሆነ ዓሣው የሚያድገው ቀስ እያለ ነው፤ እጅግ ትልልቆቹም አብዛኛውን ጊዜ እንስቶች ናቸው። በዚህም ምክንያት ታላቁን ዓሣ የያዘ ሰው ርዝመቱን ለክቶ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ወደ ውኃው ይመልሰዋል። መንጠቆውም ወደ ኋላ የሚይዝ እሾህ እንዳይኖረው የማኒቶባ ሕግ ያዛል።

ደብዳቤው በቤታችን በተነበበ ጊዜ፣ ያን ጊዜ ዐሥራ ሁለት ዓመት የሆነው ልጃችን ፎቶግራፉን ከእጁ አላወርድ አለ። በመጨረሻም፣ «አባዬ፣ በእኛ አገርስ እንዲህ ያለ ዓሣ የሚገኝበት ሐይቅ የለምን?» ሲል ጠየቀ። እኛም መልሱን ሳናሰላስል፣ «አለ እንጂ፤ እንወስድሃለን» አልነው። ለልጅ የገቡት ቃል ዕዳ ነውና ከዚያች ምሽት ጀምሮ ሐይቅ ወደ መምረጥ ገባን።

በደብረ ማርቆስ ለሚኖር ሰው ውኃ ሩቅ አይደለም። የጮቄ ተራራ ብዙ ወንዞችን ያፈልቃል፤ ከነዚህም አንዱ ጨሞጋ በከተማችን አጠገብ አልፎ ወደ ዓባይ ይወርዳል። ነገር ግን ክረምቱ ካለፈ በኋላ ውኃው ስለሚቀንስ ታላቅ ዓሣ አይታሰብበትም። የዓባይ በረሃ ዓሣ አለው፤ ሆኖም ቁልቁለቱ፣ ሙቀቱና የወባው ነገር ከልጆች ጋር ለሚሄድ ሰው አይመችም። ግሽ ዓባይ ደግሞ ምእመናን ለጠበል የሚሄዱበት የተቀደሰ ምንጭ ስለ ሆነ መንጠቆ ይዞ መሄድ የሚገባ አይደለም። ስለዚህ ምርጫው በሁለት ሐይቆች መካከል ሆነ፤ እነርሱም በአገው ምድር ያለው የዘንገና ሐይቅና ታላቁ ጣና ናቸው።

ሐይቁን ከመረጡ በኋላ ወራቱንም መምረጥ ያስፈልጋል። የልጆቹ እናት የቀን መቁጠሪያውን አውርዳ ከነቢያት ጾም እስከ ዐቢይ ጾም ያለውን ጊዜ ከመረመረች በኋላ፣ ከአስተርእዮ ማርያም ማግሥት እስከ ጾመ ነነዌ ያሉት ቀኖች ለዚህ ጉዳይ የተመቹ ሆነው አገኘቻቸው። በዚህ መሠረት ሐሙስ ጥር 23 ቀን ገና ሳይነጋ ከደብረ ማርቆስ ተነሣን።

ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር ያለው መንገድ 265 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአማኑኤልና በደምበጫ በኩል አልፈን ፍኖተ ሰላም ስንደርስ ፀሐይዋ ሞቅ ብላ ነበር። ወራቱ የአዝመራ መክተቻ በመሆኑ በየአውድማው በሬዎች ሲያበራዩ፣ ገበሬዎችም እህሉን ለነፋስ ሲያዘሩ ይታዩ ነበር። ቡሬንና ጥሊሊን አልፈን እንጅባራ ከመድረሳችን በፊት በዘንገና ሐይቅ ዳር ወረድን። ዘንገና በእሳተ ገሞራ ጕድጓድ ውስጥ የተኛ፣ ዙሪያውን በደን የተከበበ ክብ ሐይቅ ነው። ስፋቱ ትንሽ ሲሆን ጥልቀቱ ግን ከ160 ሜትር በላይ መሆኑ ተለክቷል። ከመኪናው መንገድ ጥቂት ብቻ የራቀ ሆኖ ሳለ ጸጥታው የበረሃ ገዳም ይመስላል። ልጃችን ውኃውን ትኵር ብሎ ተመለከተና፣ «እዚህ ውስጥ ታላቅ ዓሣ ቢኖርስ?» አለ። ጀልባም፣ መረብም፣ አጥማጅም አላየንበትምና ውበቱን አድንቀን ጕዟችንን ቀጠልን። በዳንግላና በመራዊ በኩል አድርገን ወደ ማታ ባሕር ዳር ገባን።

በማግሥቱ ዓርብ ስለ ነበረ የማጥመዱን ነገር ለቅዳሜ አሳድረን በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻገርን። በቡና ደን ውስጥ ለውስጥ ሄደን ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳለምን፤ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያሉትን ሥዕሎች ልጆቻችን አንድ በአንድ እየጠየቁ ተመለከቱ። ያን ቀን በሐይቁ ላይ ከደንገል የተሠሩ ታንኳዎች ሲመላለሱ አየን። ነገደ ወይጦ የተባሉት ወገኖቻችን በዚህ የታንኳ ሥራና በዓሣ ማጥመድ ከጥንት ጀምሮ የታወቁ ናቸው።

ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ፣ የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። ይሁን እንጂ ያ ሁሉ ስፋት እጅግ ጥልቅ በሆነበት ስፍራ እንኳ ከ14 ሜትር ብዙ አያልፍም። በውስጡ ቀረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ይገኛሉ። ከነዚህ ሁሉ የሊቃውንትን ዐይን የሳበው ነጭ ዓሣ ነው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ያህል ቁልቁል ስለሚወርድ፣ ከበታች ያለው ዓሣ ወደ ሐይቁ ሊወጣ አይችልም። በዚህ ምክንያት በጣና ያለው ነጭ ዓሣ ለብቻው ተለይቶ፣ በሌላ ስፍራ ወደማይገኙ ከዐሥር ወደሚበልጡ ዓይነቶች ተከፍሏል። በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ ሳይኖራቸው ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ፣ ከግማሽ ሜትርም በላይ የሚያድጉ በመካከላቸው አሉ። ልጃችን ስለዚህ በሰማ ጊዜ፣ «የእኛው ፓይክ ይህ ነው» ብሎ ተደሰተ።

ቅዳሜ በማለዳ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ከእንጨት በተሠራች ጀልባቸው አሳፍረውን ከባሕሩ ዳር ራቅን። በመንጠቆው ላይ ትንሽ ዓሣ ሰክተው ሲባጎውን ለልጃችን ሰጡት። ፀሐይ ከፍ እስክትል ድረስ ምንም አልተገኘም። ከዚህ በኋላ ግን ሲባጎው በድንገት ተወጠረና ልጁ እየጮኸ፣ እኛም እየረዳነው፣ አንድ ነጭ ዓሣ ወጣ። ርዝመቱ ክንድ ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። ልጃችን ግን ከፎቶግራፉ ዓሣ ጋር አስተያይቶ ፊቱ ጠቆረ።

እኛም የወዳጃችንን ደብዳቤ አስታውሰን፣ «እንግዲያው እንለካውና ወደ ውኃው እንመልሰው» አልን። ሽማግሌው ይህን በሰሙ ጊዜ መቅዘፊያቸውን አስቀመጡ። «እናንተ ሰዎች፣ የእግዚአብሔር ሲሳይ መጫወቻ ነውን?» አሉ። «ሊበሉት ካሰቡ ይበሏል፤ ሊምሩት ካሰቡ ግን መጀመሪያውኑ አይወጉትም። አፉን ቀድዳችሁ ደህና ግባ ማለት ምን ዓይነት ምሕረት ነው?»

በእውነቱ መልስ አላገኘንም። የወዳጃችን አገር ልማድ በቂ ምክንያት አለው፤ ስንት እናት ዓሣዎችን ከሞት አድኗልና። ነገር ግን ዓሣ ሸጠው ልጆች ያሳደጉት ሽማግሌ የተናገሩትም እውነት ነበር። ዓሣውን ይዘን ለምሳችን ሆነ።

ወደ ባሕሩ ዳር ስንመለስ ልጃችን፣ «አባባ፣ ከዚህ የሚበልጥ የት ይገኛል?» ብሎ ሽማግሌውን ጠየቃቸው። እርሳቸውም ሲመልሱ እንዲህ አሉ፦ «ታላላቆቹን የምትሻ ከሆነ ልጄ፣ የመጣህበት ወር አይደለም። ክረምት ሲገባ፣ ወንዞቹ ሲደፈርሱ፣ ታላላቆቹ ሁሉ ተሰብስበው በወንዙ አፍ ላይ ይቆማሉ። ያን ጊዜ መረብ የጣለ ሰው ጀልባው እስኪከብድ ድረስ ያወጣል።» ልጃችን ወዲያው ወደ እኛ ዞሮ፣ «አባዬ፣ በነሐሴ፣ ጾመ ፍልሰታ እንደ ተፈታ እንመለስ! ትምህርት ቤትም ዝግ ነው» አለ። እኛም እሺ ልንል አፋችንን ከፍተን ነበር።

ነገር ግን ሽማግሌው ንግግራቸውን አልጨረሱም ነበር። «የሚቆሙት ለምን እንደ ሆነ ግን ጠይቅ» አሉት። «ሊወልዱ ነው። እንቍላላቸውን ተሸክመው ወደ ላይ፣ ጠጠር ወዳለበት ንጹሕ ውኃ ሊወጡ ነው። በወጣትነታችን በታንኳ ስንሠራ የምንይዘው ለቤታችንና ለገበያችን ያህል ነበር። ኋላ ሞተሩና ረዥሙ መረብ መጣ፤ ሁሉም ወደ ወንዙ አፍ ሮጠ። በየጅረቱም ብርብራ ወቅጦ የሚበትን አለ፤ ብርብራው ትልቁን ከትንሹ አይለይም። ዛሬ የወንዙ አፍ እንደ ድሮው አይደለም።»

ሽማግሌው የተናገሩትን ሊቃውንትም መርምረው አረጋግጠውታል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1986 የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ወደ ጣና የገባው፣ የእርሻ ሚኒስቴርና ቤተ ክርስቲያናችን ከኔዘርላንድ ረድኤት ሰጪዎች ጋር ተባብረው በጀመሩት ሥራ ነበር። አሳቡ መልካም ነበር፤ ድኃው አጥማጅ ኑሮው እንዲሻሻል፣ ዓሣውም ለብዙ ሰው እንዲደርስ ነው። ነገር ግን ነጭ ዓሣ እንደ ቀረሶ አይደለም። ቀረሶ በሐይቁ ዳር ይራባል፤ ከነጭ ዓሣ ዓይነቶች ብዙዎቹ ግን ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ እንደ ጉማራ፣ እንደ ርብና እንደ መገጭ ወዳሉ ወንዞች ይወጣሉ። ሁሉም በአንድ ጊዜ በአንድ በር ስለሚያልፉ፣ በሩን የዘጋ ሰው የሚመጣውን ትውልድ ይዘጋል። ከ1991 እስከ 2001 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ባሉት ዐሥር ዓመታት ውስጥ የነጭ ዓሣ ብዛት በሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱን ተመራማሪዎች ጽፈዋል። የዓሣ ሀብትን ለመጠበቅ በ1995 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 315 ወጥቷል፤ ሐይቁም በአውሮፓውያኑ 2015 በዩኔስኮ ከዓለም የሕይወት ሀብት ጥብቅ ስፍራዎች ጋር ተመዝግቧል። ሆኖም በሌሊት በወንዝ አፍ ላይ የሚጣለውን መረብ ከሕግ አስቀድሞ ሊከለክል የሚችለው የሰው ኅሊና ነው።

በዚያን ምሽት በማረፊያችን ሳለን ልጃችን ስለ ነሐሴ ደግሞ ጠየቀ። የገባነው ቃል ነበረና መልስ መስጠቱ ከበደን። በዚህ ጊዜ የልጆቹ እናት በኦሪት ዘዳግም በ22ኛው ምዕራፍ ስለ ወፍ ጎጆ የታዘዘውን አስታወሰችው። ሰው በመንገድ ሲሄድ እናቲቱ በእንቍላሎቿ ወይም በጫጩቶቿ ላይ ተኝታ ቢያገኝ፣ እናቲቱን ከልጆቿ ጋር አብሮ እንዳይወስድ እግዚአብሔር ከልክሏል፤ ይህን ለሚጠብቅም መልካም ነገርንና ረዥም ዕድሜን ሰጥቷል። «እንግዲህ እንቍላሏን በሆዷ የተሸከመችውን እናት የሚይዝ ሰው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መውሰዱ አይደለምን?» አለችው። ልጁ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና፣ «ታዲያ ታላቁን ዓሣ መቼም አላየውም ማለት ነው?» አለ። እኛም፣ «ምናልባት አታየው ይሆናል። ነገር ግን ልጆችህ ያዩት ይሆናል» አልነው። ቃላችንን ያጠፍነው በዚህ ዓይነት ነው፤ ልጁም ያን ሌሊት እያለቀሰ መተኛቱን አንሸሽግም።

የተወደዳችሁ ወላጆች፣ ከዚህ ጕዞ የተማርነው ይህ ነው። ታላቅ ዓሣ የሚገኝበትን ሐይቅ መምረጥ ቀላል ነው፤ ካርታ ያነበበ ሁሉ ይመርጣል። ከባዱ ነገር ልንወስድ የምንችልበትን ወርና ልንተው የሚገባንን ወር ለይቶ ማወቅ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ከልጅነታችን ጀምራ ይህንኑ አስተምራናለች፤ ጾም ማለት ምግብ ሲጠፋ መራብ ሳይሆን፣ ሳለ መተው ነውና። ለሆዳችን የጾም ወራት እንዳለን፣ ለመንጠቆአችንና ለመረባችንም የጾም ወራት ሊኖረው ይገባል። ዓሣ ሸጦ የሚያድረውም ወገናችን በእነዚያ ወራት ቤቱ እንዳይራብ ልናስብለት ይገባል፤ አለዚያ ምክራችን የጠገበ ሰው ለተራበው የሚሰጠው ምክር ሆኖ ይቀራል።

ከዚያ ወዲህ በአገራችን ላይ በመጣው መከራ ምክንያት መንገዱ እንደ ቀድሞው በሰላም የሚኬድበት አልሆነምና ወደ ጣና አልተመለስንም። ልጃችንም አድጎ ጐልማሳ ሆኗል። ነገር ግን ክረምት በገባ ቍጥር፣ ዝናቡ የቤታችንን ቆርቆሮ ሲደበድብ፣ ጨሞጋም ሞልቶ ድምፁ ሲሰማ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ቆሞ ይሰማል። «አባዬ፣ አሁን እየወጡ ይሆናል» ይለናል። እኛም፣ «አዎን ልጄ፣ እግዚአብሔር በሰላም ያውጣቸው» እንለዋለን።