ሞተር አልነሣ ሲል

በዚች መጽሔታችን ገጾች ላይ አዘውትሮ የሚጻፈው ስለ ታላላቅ ጉዳዮች ነው፤ ስለ ሥልጣኔ፣ ስለ ትምህርትና ስለ አገር ዕድገት። እኛ ዛሬ የምንጽፈው ግን ስለ አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ ይኸውም ጧት አልነሣ ስላለ መኪና። የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች በመሆናችን «ከመቼ ወዲህ ነው እናንተ መፍቻ የጨበጣችሁት?» የሚሉን የቴክኖሎጂ ጓደኞች እንደማይጠፉ እናውቃለን። እውነታቸውን ነው፤ መፍቻ አልጨበጥንም። ነገር ግን መፍቻ የጨበጠ ሰው እንዴት እንደሚያስብ ቆመን ተመልክተናል፤ ያየነውም በክፍል ውስጥ ሎጂክ ተብሎ ከምንማረው የሚያንስ ሆኖ አላገኘነውም።

ነገሩ የሆነው አሰላ ላይ ነው። ባለፈው ታኅሣሥ የአንድ ጓደኛችን አባት በቆጂ ላይ ስላረፉ፣ ስምንት ሆነን ሚኒባስ ተከራይተን ለቀብር ከአዲስ አበባ ተነሣን። አዳማን፣ ዴራንና ኢተያን አልፈን አሰላ ስንገባ መሸና እዚያው አደርን። ቀብሩ በማግስቱ በ6 ሰዓት ነበር። አሰላ ከጭላሎ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ስለ ሆነች የታኅሣሥ ሌሊቷ ለቆላ ሰው የሚራራ አይደለም። ጧት በ1 ሰዓት ሾፌሩ ቁልፉን ቢያዞር መኪናው አንድ ጊዜ «ቀጭ» ብሎ ዝም አለ። ደገመ፤ «ቀጭ»። ሠለሰ፤ ያው ነው።

አንባቢ ሆይ፣ በአገራችን አልነሣ ያለ መኪና ብቻውን ቆሞ አይቀርም። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ መንገደኛው ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ «ባትሪ ነው፤ ብርዱ ገድሎታል» አለ። ሁለተኛው «ሞተሪኖው ተቃጥሏል» አለ። ሦስተኛው «ናፍጣው ረግቶ ነው» ሲል ማለለት። አራተኛው ምንም ምክንያት ሳይሰጥ «ግፉት!» እያለ ይጮኻል። በአቅራቢያው ያለ የመለዋወጫ ነጋዴ ደግሞ አዲስ ባትሪ አውጥቶ በሩ ላይ አስቀመጠ። ሾፌሩ ኪሱን መዳበስ ጀመረ።

በዚህ ጊዜ ነው ከመንገዱ ማዶ ካለው ጋራዥ አንድ ሽማግሌ መካኒክ፣ አንድ ትንሽ ረዳት አስከትለው የመጡት። ሾፌሩ «ጋሼ፣ ባትሪ ልቀይር ወይ?» ቢላቸው፣ «ባትሪው መሞቱን ማን ነገረህ?» ሲሉ መለሱለት። ከዚያ በኋላ ያደረጉትን በተራ እንጽፋለን፤ ቁም ነገሩ ያለው በተራው ላይ ነውና።

በመጀመሪያ አዳመጡ። ቁልፉ ሲዞር «ቀጭ» ማለቱን ሰምተው ሦስተኛውን ሰውዬ አሰናበቱት። «ሞተሩ ሳይዞር ናፍጣ አይጠየቅም» አሉ። ሞተሩ እየዞረ እሳት አልይዝ ቢል ኖሮ ጥያቄው የናፍጣ፣ የአየር ወይም የካንዴሌታ ይሆን ነበር። አሁን ግን ራሱ የሚያዞረው ሞተሪኖ አልዞረም።

ቀጥሎ የፊት መብራቱን አስበርተው ሾፌሩን ቁልፍ አስዞሩት። ባትሪው የደከመ ቢሆን መብራቱ በዚያች ቅጽበት ይፈዛል ወይም ይጠፋል። መብራቱ ግን ፍክት ብሎ እንደ በራ ቀረ። በቴስተር ቢለኩት ባትሪው 12.5 ቮልት ነው፤ ይህ የጤነኛ ባትሪ ልክ ነው። የመጀመሪያውም ሰውዬ ተሰናበተ፤ ነጋዴውም ባትሪውን ወደ ቤት መለሰ።

እንግዲህ የቀረው ወይ ሞተሪኖው ራሱ ነው፣ ወይም ኤሌክትሪኩ የሚሄድበትና የሚመለስበት መንገድ ነው። ሽማግሌው ወደ ሞተሪኖው የሚሄደውን ወፍራም ሽቦ ተመለከቱ፤ ንጹሕ ነው። ከዚያም ሾፌሩ ቁልፉን ደጋግሞ እንዲያዞር አድርገው፣ የነዳጅ መርገጫውን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘውን ቀጭን ሽቦ በእጃቸው ነኩና ፈገግ አሉ። «ና ንካ» አሉት ረዳታቸውን። ልጁ ነክቶ እጁን ወሰደ። ሽቦው ሞቋል።

ምን ማለት ነው? ከባትሪ የወጣ ኤሌክትሪክ ሥራውን ሠርቶ ወደ ባትሪ መመለስ አለበት። የሚመለሰውም በራሱ በሞተሩ ብረትና፣ ሞተሩን ከመኪናው አካል ጋር በሚያገናኝ ወፍራም ሽቦ ነው። ይህን መካኒኮቻችን «ማሳ» ይሉታል። ማሳው ሲበላሽ ኤሌክትሪኩ ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ ያገኘውም የነዳጅ መርገጫውን ቀጭን ሽቦ ሆነ። ያ ቀጭን ሽቦ ለሞተሪኖ የሚበቃ ኀይል ሊያሳልፍ ስለማይችል ይሞቃል እንጂ ሞተር አያስነሣም። መብራቱ የሚመለሰው በመኪናው አካል በኩል ስለ ሆነ ምንም አልጎደለበትም። ሽማግሌው የቴስተሩን አንድ ጫፍ ከሞተሩ ብረት፣ ሌላውን ከባትሪው ነጌቲቭ አድርገው ቁልፉ ሲዞር ቢለኩ ከ8 ቮልት በላይ ሆነ፤ በደህና ጊዜ ከግማሽ ቮልት ማለፍ የለበትም። በመጨረሻም አንድ ወፍራም ሽቦ ወስደው ነጌቲቩን በቀጥታ ከሞተሩ ጋር አገናኙትና «አስነሣ!» አሉ። ተነሣ።

ከመኪናው ሥር ገብተው ያወጡት የማሳ ሽቦ ጫፉ በዝገት የተበላ ነበር። ከዚህ ቀደም ሞተሩ ወርዶ ተጠግኖ ሲመለስ ሽቦውን በቀለሙና በዝገቱ ላይ እንዳለ አስረውት ኖሯል። ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው፣ ሽቦውን ቀይረው አጠበቁት። የጠየቁት ገንዘብ ከባትሪው ዋጋ ጋር ሲወዳደር ለመናገርም የሚያሳፍር ነበር።

ከመካከላችን አንዲት እኅት «ጋሼ፣ ገፍተን ብናስነሣውስ ኖሮ?» ብላ ጠየቀቻቸው። «ብትገፉት ይነሣ ነበር፣ ልጄ። በቆጂ ስትደርሱ ግን መልሳችሁ ትገፉታላችሁ። መግፋት መኪና ያስነሣል እንጂ በሽታ አያድንም። ማሳው እንዲያ ሆኖ ዲናሞውም ባትሪውን በወጉ አይሞላው፤ ነገ ደግሞ ደህናው ባትሪ ይሞትባችኋል» አሉ። በ3 ሰዓት ከአሰላ ተነሥተን በሳጉሬ በኩል በቆጂ ገባን፤ ለቀብሩም ደረስን። ጓደኛችን እናቱን ደግፎ ቆሞ ነበር። እኛን ሲያይ ያለቀሰውን ለቅሶ አንረሳውም።

ቤንዚን መኪና ያላችሁ ወይም የወላጆቻችሁን የምትነዱ ተማሪዎች ይህን ሥርዐት ልብ በሉ። ሞተሪኖው ካልዞረ ጥያቄው ስለ ባትሪ፣ ስለ ሽቦና ስለ ሞተሪኖ ነው። እየዞረ ካልነሣ ጥያቄው ስለ ብልጭታ፣ ስለ ቤንዚንና ስለ አየር ነው። ናፍጣ ሞተር ብልጭታ የለውም፤ አየሩን አጥብቆ ጨምቆ በሚፈጠረው ትኩሳት ናፍጣውን ያነዳል። ስለዚህ ብርድ ይበልጥ ይጎዳዋል። ብርድ የሚያጠቃው በሁለት ወገን ነው፤ ዘይቱን ያወፍረዋል፣ የባትሪውንም ኀይል ይቀንሳል። ውሃ በሚረጋበት ብርድ የሊድ ባትሪ ከዐቅሙ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። በአሰላ ከፍታ ደግሞ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ካርቡራቶር ያለው አሮጌ መኪና ለቆላ አየር እንደ ተስተካከለ ደጋ ቢወጣ ቤንዚን ይበዛበታል፤ መርገጫውን ደጋግሞ መርገጥ ካንዴላውን ከማርጠብ በቀር አይረዳም። ካንዴላው ሲወጣ እርጥብ ከሆነ ቤንዚን ደርሷል ማለት ነው፤ ደረቅ ከሆነ ፖምፓውንና ፊልትሮውን ተከተሉ። አንዱ ጥያቄ ሳይመለስ ወደ ሌላው መዝለል ገንዘብ ያስከፍላል።

እኛ የቋንቋ ተማሪዎች ስለ ሆን የመካኒኩ ቃላትም ገርመውናል። ካንዴላ፣ ሞተሪኖ፣ ቦቢና፣ ፍሪሲዮን፣ ካቻቢቴ፤ ሁሉም ጣሊያንኛ ናቸው። ወራሪው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. መንገድ ሲሠራና መኪና ሲያግተለትል የተሰሙት ቃላት፣ እርሱ ሲባረር በአገሬው እጅ ቀሩ። ቃላቱን ጠብቆ ያቆየው፣ ለሕዝቡም ያስለመደው የጋራዥ ሠራተኛ ነው እንጂ የቋንቋ ምሁር አይደለም። በእጅ ሠርቶ አዳሪውን ግን አናከብረውም። የመጀመሪያው መኪና ለዳግማዊ ምኒልክ በደረሰበት በ1900 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ባለ እጁን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዳይኖር ዐዋጅ አስነግረዋል። ዐዋጁና መኪናው እኩዮች ናቸው። መኪናው በየመንደሩ ገብቷል፤ የዐዋጁ ቃል ግን ገና በየቤቱ አልገባም። ዛሬም ሰነፍ ልጅ ሲገሠጽ «ካልተማርህ ጋራዥ ትገባለህ» ይባላል፤ ጋራዡ ማሰብ የማያስፈልግበት ቦታ ይመስል!

ስለ ማሳ አንድ ነገር እንጨምር። በጣሊያንኛው ማሳ ማለት የኤሌክትሪኩ መመለሻ ብረት ነው፤ በእኛ ግን ማሳ የገበሬው እርሻ ነው። በአርሲ ሁለቱ ተገናኝተው ያውቃሉ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በስዊድን ርዳታ አሰላ ላይ የተቋቋመው፣ ካዱ በመባል የታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ለትንሹ ገበሬ ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያና ብድር አመጣ። እርሻው ሲያተርፍ ባለ ርስቶች ትራክተር እየገዙ ራሳቸው ማረስ ጀመሩ፤ ብዙ ጭሰኞችም ከመሬቱ ተነቀሉ። ትራክተሩ ጧት ጧት በደህና ይነሣ ነበር። በሞተሩ ውስጥ ብቻ የሚመረምር ሰው ምንም ጉድለት አያገኝበትም። ጉድለቱ የነበረው ማሳው ላይ ነው፤ መሬቱ የማን እንደ ሆነ በሚወስነው ሕግ ውስጥ። ያ ሕግ የተሻረው በ1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ነው።

«ይህ ሁሉ ነገ ያልፍበታል፤ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክሏል፤ የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላም ካርቡራቶርም የለው» የሚሉን ይኖራሉ። ነገሩ ልክ ነው፤ መደምደሚያው ግን አይደለም። አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ከትልቁ ባትሪ ሌላ አንዲት ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ አላቸው፤ ኮምፒዩተሩን የምትቀሰቅሰውና ትልቁን ባትሪ ከመኪናው ጋር የምታገናኘው እርሷ ናት። እርሷ ከሞተች ትልቁ ባትሪ ሞልቶም መኪናው አይነቃነቅም። ማሳ እዚያም አለ፤ ዝገትም አለ። «ባትሪ ይቀየር» የሚል መንገደኛም አይጠፋም።

በክርክር ክበባችን፣ በምግብ አዳራሻችንና በየመኝታ ክፍላችን ብዙ ነገር አልነሣ እንዳለ እንነጋገራለን። አንዳችን «ይቀየር»፣ ሌላችን «ይገፋ» እንላለን። የአሰላው ሽማግሌ ከሁለቱ በፊት የጠየቁት «የሚሠራው የቱ ነው?» ብለው ነው፤ መብራቱ መብራቱን ካወቁ በኋላ የቀረውን ፍለጋ ጠበበላቸው። እኛም የተማሪዎች ማኅበራችን ከቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ጓደኞቻችን ጋር ተመካክሮ፣ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ አሮጌ መኪናና አንድ የጋራዥ ሠራተኛ በግቢው ውስጥ እንዲያቀርብልን እንጠይቃለን። መምህሩ የጋራዡ ሠራተኛ ይሁን፤ የሰዓቱም አበል እንደ ማንኛውም እንግዳ መምህር ይከፈለው። የሚመዘገቡ ሰዎች ከተገኙ የመጀመሪያዎቹን ስምንት ስሞች እኛ እንሰጣለን።