23 ሺህ ዶላርና አንድ ክፍል ሙሉ ሰው

ፊልም መሥራት የሚፈልግ ጓደኛ የሌለው የአዲስ አበባ ልጅ ካለ እስቲ እጁን ያውጣ። የለም አይደል? በየካፌው ስክሪፕቱን በቦርሳው ይዞ የሚዞር አንድ ወዳጅ አለን። «መቼ ነው የምትሠራው?» ስንለው መልሱን እኛም በቃላችን ይዘነዋል። ካሜራ ሲገኝ… ስፖንሰር ሲገኝ… አንድ የታወቀ ተዋናይ እሺ ሲለኝ… እኛም «አይዞህ፣ ይገኛል» ብለን ማኪያቷችንን እንጠጣለን። ስክሪፕቱም ወደ ቦርሳው ይመለሳል።

ዛሬ ልናወራችሁ ያሰብነው ስለ አንዲት ደቡባዊት ከተማ ልጆች ነው። (ደቡብ ስንል ሐዋሳ ትዝ ብሏችሁ ዓሣ ጥብስ ያማራችሁ ይቅርታ! የአሜሪካንን ደቡብ ማለታችን ነው።) ከተማዋ ኦስተን ትባላለች፤ የቴክሳስ ዋና ከተማ ናት። ከሆሊውድ 2 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ታዲያ እዚያው ሰፈራቸው ተቀምጠው፣ ከጓደኞቻቸው ጋር፣ በኪሳቸው ፍራንክ ፊልም የሠሩ ልጆች ከዚህች ከተማ ወጥተዋል። ከዚህ በታች የምንጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ከሪቻርድ ሊንክሌተር እንጀምር። ልጁ ዩኒቨርሲቲ አቋርጦ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የነዳጅ ማውጫ ላይ የጉልበት ሥራ ይሠራ ነበር። ባጠራቀማት ገንዘብ አንዲት ትንሽ ሱፐር 8 ካሜራ ገዛና ኦስተን ገባ። በ1989 በጋ ላይ ጓደኞቹን፣ የጓደኞቹን ጓደኞች፣ የሰፈር ሙዚቀኞችንና ሥራ ፈቶችን ሰብስቦ «ስላከር» የተባለውን ፊልም ቀረጸ። ርዕሱን ወደኛ ቋንቋ እናምጣው ካልን «ቦዘኔ» ይቀርበዋል። የፈጀው 23 ሺህ ዶላር ነው።

ፊልሙ ዋና ገጸ ባሕርይ የለውም። ካሜራው አንድ ሰው ይከተላል፤ ያ ሰው መንገድ ላይ ከሌላ ሰው ጋር ሲገናኝ ካሜራው እሱን ትቶ ከአዲሱ ጋር ይሄዳል። እንዲህ እንዲህ እያለ በዩኒቨርሲቲው ዙሪያ አንድ ቀን ሙሉ ሲዞር ይውላል። ስለ ኬኔዲ ግድያ መጽሐፍ ቤት ውስጥ ሰው አስቁሞ የሚያደነቁር አለ። ቤቱ የገባውን ሌባ ፖሊስ ከመጥራት ይልቅ ቁጭ አድርጎ የሚያወራው ሽማግሌ አለ። ኑሮአችንን ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ፒያሳ ላይ ከሰዓት በኋላ ቆማችሁ የምትሰሙት ወሬ በሉት። መጨረሻው ላይ ደግሞ ወጣቶች ካሜራ ይዘው ኮረብታ ላይ ይወጡና ካሜራውን ከገደል ይወረውሩታል! ይህን ስናይ ያ ስክሪፕት ተሸካሚ ወዳጃችን አጠገባችን ነበር፤ ልቡ ልትቆም ምንም አልቀራት።

«ስላከር» በ1990 በዩኒቨርሲቲው አጠገብ በነበረው ዶቢ ሲኒማ ለከተማው ሰው መታየት ጀመረ። የከተማው ልጆች ራሳቸውንና ጎረቤቶቻቸውን ለማየት ተሰለፉ። በ1991 አንድ አከፋፋይ ወስዶት በመላ አገሪቱ ታየና ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። በ2012 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለትውልድ ይጠበቁ ብሎ ከመዘገባቸው ፊልሞች አንዱ ሆነ።

ሁለተኛው ሮበርት ሮድሪጌዝ ነው። ኦስተን በሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ትምህርት ለመግባት ውጤቱ አልበቃ ብሎት ነበር፤ የገባው በሠራቸው አጫጭር ቪዲዮዎች ውድድር ካሸነፈ በኋላ ነው። ለመጀመሪያው ረጅም ፊልሙ ገንዘብ ያገኘበትን መንገድ ስትሰሙ እንዳትስቁ፤ ለአንድ ወር ያህል መድኃኒት በሰው ላይ የሚሞከርበት ማዕከል ገብቶ ተኛ! ሰውነቱን አከራየ ማለት ነው። ስክሪፕቱንም እዚያው አልጋ ላይ ጻፈው። ከዚያ ከጓደኛው ከካርሎስ ጋያርዶ ጋር ሆኖ፣ በጓደኛው የትውልድ ከተማ፣ ድንበር ማዶ በሜክሲኮ «ኤል ማሪያቺ»ን በ14 ቀን ቀረጸ። ካሜራው የተዋሱት ነው፤ ድምፁ እንደ ወፍጮ ስለሚጮህ ንግግሩን ከእያንዳንዱ ቀረጻ በኋላ በቴፕ ለብቻው ይቀዳ ነበር። ካሜራውን የሚያንሸራትተው ዊልቸር ላይ ቁጭ ብሎ ነው። የቀረጻ ሠራተኛ የሚባል አልነበረም፤ ተራው ያልደረሰ ተዋናይ መብራት ይይዛል። ወጪው 7 ሺህ ዶላር ነው ተባለ። በ1993 ሳንዳንስ ፌስቲቫል ላይ የተመልካቾችን ሽልማት ወሰደ።

እንግዲህ የኦስተን ታሪክ ሲወራ ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ያቆማል። 23 ሺህ… 7 ሺህ… ዋው! እኛ ግን እነዚህ ቁጥሮች ትንሽ ያታልላሉ ባዮች ነን። ለምን ብትሉ፣ 7 ሺው ፊልሙ ተቀርጾ ቪዲዮ ላይ እስኪቀናበር ድረስ ያለው ወጪ ነው። ኮሎምቢያ የተባለው ትልቅ ኩባንያ ፊልሙን ከገዛው በኋላ ድምፁን ለማስተካከልና ለሲኒማ ቤት በሚሆን መልኩ ለማሳተም ከ7 ሺው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ገንዘብ አውጥቷል። ደግሞም ከበስተጀርባ ያለ፣ በብር ያልተቆጠረ ሀብት ነበር። እሱን ፍለጋ ወደ 1985 እንመለስ።

«ስላከር» ከመቀረጹ 4 ዓመት በፊት ሊንክሌተርና ካሜራ ባለሙያው ጓደኛው ሊ ዳንኤል «የኦስተን ፊልም ማኅበር» የሚባል ነገር መሠረቱ። ማኅበር ሲባል ቢሮና ማኅተም እንዳይመስላችሁ። ሥራው ፊልም ማሳየት ብቻ ነበር። በከተማው ሲኒማ ቤቶች የማይገኙ የአውሮፓ፣ የእስያና የሙከራ ፊልሞችን በኪራይ ያስመጣሉ፣ ማስታወቂያ በየግድግዳው ይለጥፋሉ፣ ከቡና ቤት በላይ ባለች ክፍል ወንበር ደርድረው ያሳያሉ። የመጣው ሰው ያያል፣ ይከራከራል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል። ያቺ ክፍል ውስጥ ተዋናይ ተገኘ፣ ካሜራማን ተገኘ፣ ድምፅ የሚቀዳ ተገኘ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ነገ የሚሠራውን ፊልም ሊያይ የሚችል ሰው ተገኘ። «ስላከር» ዶቢ ሲኒማ ሲገባ የተሰለፈው ሕዝብ ከሰማይ አልወረደም፤ ለዓመታት ሲሰበሰብ የቆየ ነው።

ሌላው ሀብት ጊዜ ነው። የዚያን ዘመኗ ኦስተን ርካሽ ነበረች። ብዙ ሆናችሁ አንድ ቤት ተከራይታችሁ፣ በሳምንት ጥቂት ቀን ሠርታችሁ፣ የቀረውን ቀን ፊልም ስታዩና ስትሠሩ መኖር ይቻል ነበር። የፊልሙ ገጸ ባሕርያት ሥራ ፈት የሆኑት ከተማዋ ሥራ መፍታትን ስለምትችል ነው። ቀልድ አይደለም፤ ኪራይ ሲወደድ መጀመሪያ የሚሞተው እንዲህ ያለው ትርፍ ጊዜ ነው።

ከእነሱ በፊት የሞከሩትስ? ነበሩ። ቶቢ ሁፐር በ1973 በጋ፣ በዚያ በቴክሳስ ሐሩር፣ ከኦስተን አቅራቢያ «ዘ ቴክሳስ ቼይንሶው ማሳከር»ን ቀረጸ። የራት ግብዣውን ትዕይንት በታፈነ ቤት ውስጥ፣ እየሸተተ ባለ ሥጋ መሐል፣ ከአንድ ቀን በላይ ሳያቋርጡ ነው የሠሩት። ፊልሙ በ1974 ወጥቶ ዓለምን አስደነገጠ፤ ሚሊዮኖችንም አስገባ። ነገር ግን የአከፋፋዮቹ ሒሳብ ተጣሞ የከተማው ልጆች እጅ የደረሰው ፍርፋሪ ነው። ኢግል ፔኔል ደግሞ በ1978 ሀብታም ለመሆን በየቀኑ አዲስ ዘዴ እየፈጠሩ በየቀኑ ስለሚከስሩ ሁለት ጓደኛሞች አንድ ጥቁርና ነጭ ፊልም ሠራ። ሮበርት ሬድፎርድ ሳንዳንስ ኢንስቲትዩትን ለመመሥረት ካነሳሱት ነገሮች አንዱ ይህን ፊልም ማየቱ እንደሆነ ይነገራል። ፔኔል ራሱ ግን በ2002 ከመጠጥ ጋር ሲታገል ኖሮ አለፈ። ለሁለቱም ተሰጥኦ አላነሳቸውም። ፊልማቸው ከተሠራ በኋላ የሚይዘው እጅ ግን በቅርባቸው አልነበረም።

ይህ ነገር ለእኛም ሩቅ አይደለም። ለረጅም ዓመታት በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ በ1993 «ሳንኮፋ»ን ሲጨርሱ የአሜሪካ አከፋፋዮች ፊታቸውን አዞሩባቸው። እሳቸውና ባለቤታቸው ሽሪኪያና አይና ምን አደረጉ? ዋሽንግተን ላይ ሲኒማ ቤት ተከራይተው ራሳቸው አሳዩት። ሰፈሩ ቲኬት ሸጠላቸው፣ ወሬውን አዳረሰላቸው፤ ከዚያም ከተማ በከተማ ሄዱ። ከዓመታት በኋላ ዋሽንግተን ላይ የከፈቱት መጽሐፍ ቤትና ካፌ ስሙ ሳንኮፋ ነው፤ ፊልም ይታይበታል፣ ይወራበታል። ፊልሙም በ2021 ታድሶ ኔትፍሊክስ ላይ ለመታየት በቃ። ኦስተን ያሉት ልጆች ከማሳየት ተነስተው ወደ መሥራት ሄዱ፤ እሳቸው ከመሥራት ተነስተው ወደ ማሳየት። ሁለቱም የደረሱበት ቦታ ያው አንድ ክፍል ሙሉ ሰው ነው።

ወደ ኦስተን እንመለስ። ያ የቡና ቤት ላይ ማኅበር እያደገ ሄዶ ከ1996 ጀምሮ ለቴክሳስ ፊልም ሠሪዎች ገንዘብ የሚሰጥ ሆነ። የከተማው አውሮፕላን ማረፊያ በ1999 ሲዘጋ ባዶ የቀሩትን የአውሮፕላን መጋዘኖች ምክር ቤቱ ለማኅበሩ አከራየው፤ በ2000 ኦስተን ስቱዲዮስ ሆኑ። (ባዶ መጋዘን ያላችሁ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ጆሮ ያለው ይስማ!) ሊንክሌተርም አልሄደም። በ2002 የጀመረውን «ቦይሁድ» በየዓመቱ ጥቂት ቀን እየቀረጸ፣ አንድን ልጅ ከ6 ዓመቱ እስከ ኮሌጅ ተከትሎ፣ ከ12 ዓመት በኋላ በ2014 አሳየን። አብዛኛው የተቀረጸው እዚያው ቴክሳስ ነው።

ግን ተረቱ በደስታ አያልቅም። ዶቢ ሲኒማ በ2010 ተዘጋ። የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ወደ ከተማዋ ሲጎርፉ ኪራይ ሰማይ ወጣ፤ ያ ከሥራ የተረፈ ጊዜ የነበራቸው ልጆች የሚኖሩባቸው ቤቶች ፈርሰው ፎቅ በቀለባቸው። የቴክሳስ ክልል በ2025 ባወጣው ሕግ ፊልም ለመሳብ በየሁለት ዓመቱ 300 ሚሊዮን ዶላር መድቧል። ገንዘቡ ካሜራ ያመጣል፣ ሥራም ያመጣል። በ1989 በጋ ላይ የነበረውን የቦዘኔ ከሰዓት በኋላ ግን መልሶ ይገዛ ይሆን? እንጃ። የሚያጽናናው ማኅበሩ አሁንም መኖሩ ነው። ከ2017 ጀምሮ የራሱን ሲኒማ ቤት ከፍቶ ሌላ ቦታ የማይገኙ ፊልሞችን ያሳያል። ሁሉም ነገር ሲለዋወጥ መጀመሪያ የጀመሩትን አልተዉም።

አሁን ስለኛ እናውራ። ስልኮቻችን የሚቀርጹት ምስል ሮድሪጌዝ ከተዋሰው ካሜራ በብዙ ነገር ይሻላል፤ ድምፅም አብሮ ይቀዳል፣ አይጮህም። ማቀናበሪያውም እዚያው ስልኩ ላይ አለ። የካሜራ ጥያቄ እኮ ካበቃ ቆየ። ከመካከላችን አንዷ ከ2 ዓመት በፊት ስለ ታክሲ ረዳት ልጅ የ11 ደቂቃ ፊልም በስልኳ ቀርጻ ጨርሳለች። ጥሩ ፊልም ነው፤ ጓደኝነት አስገድዶን አይደለም የምንለው። እስከ ዛሬ ያየው ሰው ግን እኛን ጨምሮ 4 ብቻ ነው። ዩቲዩብ ላይ ጫኚው ብንላት «እዚያ ማን ያየዋል? አይቶስ ማን ያናግረኛል?» አለችን። መልስ አልነበረንም። የምትፈልገው ከፊልሙ በኋላ ቆሞ «ያቺ ትዕይንት አልገባችኝም» የሚላት ሰው ነው። እሱን ሳታገኝ ሁለተኛውን ፊልም እንዴት ትጀምር?

ቴክሳስን እዚህ መትከል አይቻልም፣ አንፈልግምም። ግን አንድ ነጭ አንሶላ፣ የተዋስነው ፕሮጀክተርና 20 የፕላስቲክ ወንበር ስፖንሰር አይጠይቁም። ስለዚህ በወር አንድ ቅዳሜ የሌላ አገር አንድ ፊልም፣ የእኛው ልጆች አንድ አጭር ፊልም ልናሳይ ወስነናል። የመጀመሪያው ቅዳሜ የታክሲ ረዳቱ ተራ ነው። ቡና አለ፣ ቆሎም አይጠፋም። ስክሪፕት በቦርሳህ ይዘህ የምትዞረው ወንድማችን፣ አንተ ደግሞ በጊዜ ናና ወንበር ደርድርልን።