ዛፋችን ቢታመም የዛፍ ዘመድ ፍለጋ ወጣን

ከዳንግላ ወደ እንጅባራ በሚኒባስ የተጓዘ ሰው አዲስ ቅዳም ሲቃረብ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ዲከረንስ ይቀበለዋል። የዛፉ አገር አውስትራሊያ ነው። የፋግታ ለኮማ ገበሬ ችግኙን ከጤፍ ጋር ይተክለዋል፤ ጤፉን ያጭዳል፤ ዛፉን አራት አምስት ዓመት ጠብቆ ያከስለዋል። አዲስ አበባ ላይ ጀበና የምንጥድበት ከሰል ከዚህም ይመጣል።

በቅርብ ዓመታት ግን ዛፉን ዋግ ገባበት። ቅጠሉ ቡናማ ነገር ይለብሳል፣ ይጨማደዳል፤ ችግኙም ይቀጭጫል። ለበዓል ሄደን ሳለ የአንዳችን አጎት፣ "እናንተ ኮምፒውተር የምትጎረጉሩ ልጆች፣ ይሄ በሽታ ነገ ግራራችንን አይዝም ትላላችሁ?" አሉን። እኛም ምሁር ለመምሰል ራሳችንን ነቀነቅን። መልሱን ግን አናውቀውም ነበር።

ማታ ላፕቶፓችንን ከፈትን። በሽታ አምጪው ዩሮሚክላዲየም አካሲዬ የሚባል ፈንገስ ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሜርንሲ የተባለውን የዲከረንስ የቅርብ ዘመድ ሲፈጅ፣ ተመራማሪዎች በዲኤንኤ የዘር ሐረጉን ሠርተው በ2015 ማንነቱን አሳወቁ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)።

የአጎታችን ጥያቄም የዝምድና ጥያቄ ነው። ግራር ለዲከረንስ ምኑ ነው? ይህን ለማወቅ ማን ከማን መቼ እንደተለየ የሚያሳይ የዝግመተ ለውጥ ዛፍ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ያገኘነው ጥናት ዛፉን በሚያምር ሥዕል አስቀምጦታል። ለኮምፒውተር ግን ሥዕል ሥዕል ነው፤ ቅርንጫፉን ቆርጠው ለሌላ ሥራ አይወስዱትም። ይህ የእኛ ዕድል ብቻ አይደለም። በ2013 የታተመ አንድ ጥናት ከ7,500 በላይ ጽሑፎችን ፈትሾ፣ መረጃቸውን ሌላው ሊጠቀምበት በሚችል መልክ ያስቀመጡት ከስድስት አንድ ያህሉ ብቻ መሆናቸውን አገኘ።

ቀጥለን ኦፕን ትሪ ኦፍ ላይፍን ሞከርን። የተበታተኑ ዛፎችን አገጣጥሞ 2.3 ሚሊዮን ያህል ዝርያዎችን የያዘ አንድ ዛፍ በ2015 ያቀረበ፣ ለማንም ክፍት የሆነ ሥራ ነው። ስም ሲሰጡት የፈለጉትን ቅርንጫፍ ቆርጦ ይሰጣል። "አካሺያ አቢሲኒካ" ብለን ብንጽፍለት "ቫቼሊያ አቢሲኒካ" ብሎ አረመን። ለካ በ2005 ቪየና የተሰበሰቡ የዕፅዋት ሊቃውንት አካሺያ የሚለው ስም ለአውስትራሊያዎቹ እንዲጸና ወስነው፣ የእኛዎቹ ግራሮች ቫቼሊያና ሴኔጋሊያ ተብለዋል! ዲከረንስ መሬታችን ላይ በቅሎ የግራራችንን ስም ይዞ ቀረ። ድሮና ዘንድሮ የተጻፉትን ስሞች የሚያስታርቅ መሣሪያ ባይኖር ኖሮ ግራራችን "የለም" በተባልን ነበር።

የተሰጠን ፋይል ቅንፍና ነጠላ ሰረዝ የበዛበት ተራ ጽሑፍ ነው። ((ዲከረንስ፣ ሜርንሲ)፣ ግራር) እንደማለት። በአንድ ቅንፍ ያሉት የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። አጻጻፉ ኒዊክ ይባላል፤ ሊቃውንቱ በ1986 የተስማሙበት የአንድ አሜሪካ ያለ ምግብ ቤት ስም ነው። እኛ ምግብ ቤት ስንገናኝ በሂሳቡ እንኳ አንስማማም። ፋይሉን አር በተባለው ነፃ ሶፍትዌር፣ ኤፕ በሚባለው ተቀጽላ ከፍተን ዛፉን ሳልነው።

በማግስቱ፣ "ጋሼ፣ ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው፤ ግን የሩቅ። በሽታው መጀመሪያ የሚፈልገው የቅርቡን ይመስላል። ዝምድና ግን ፍንጭ እንጂ ዋስትና አይደለም" አልናቸው።

"የሩቅ ዘመድም ለቅሶ ይደርሳል" አሉን። "ግራሩን እየዞርኩ አያለሁ።"

እንጅባራም ሆነ ባሕር ዳር የዘር ሐረግ የምትሠሩ ወዳጆቻችን፣ ሥዕሉን ስታሳትሙ ፋይሉንም አብራችሁ አስቀምጡልን። ነገ ሌላ ዛፍ ሲታመም፣ በሌላ ሰው ላፕቶፕ ላይ የሚከፈት ነገር ይኑር።