አደን ከእናት የሚለመድ ነው

ውድ ወላጆች፣ እኛ ማኅበራዊ ሠራተኞች በአንድ የወላጆችና የልጆች ስብሰባ ላይ በኢትዮጵያ፣ በሆለታ አጠገብ ስለሚገኘው «እንስሳ ኮቴ» አወራን። ቦርን ፍሪ የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት የሚያስተዳድረው የዱር አራዊት መጠለያ ነው። በኮንትሮባንድ ሊወጡ ሲሉ የተያዙ የአቦ ሸማኔ ግልገሎችን፣ በሰው ግቢ ታስረው የኖሩ አንበሶችንም ተቀብሎ ይንከባከባል። ልጆቹ በዕብራይስጥ፣ «ለምን ወደ ዱር አይለቋቸውም?» አሉን። መልሱን የሰጡት ከጎንደር ገጠር የመጡ አንዲት እናት ናቸው፦ «አደን ከእናት የሚለመድ ነው። ያለ እናት ያደገ ደቦል በረሃብ ይሞታል፤ ሰው ስለማይፈራም መንደር ገብቶ ከብት ይፈጃል።» የአራዊት ባለሙያዎች የሚሉትም ይህንኑ ነው። እኛ ተረጎምን፤ ልጆቹ ጸጥ ብለው አዳመጡ። እባካችሁ፣ ዕብራይስጡ ቢያጥራችሁም የምታውቁትን በአማርኛ ንገሯቸው። ከእናንተ ካልሰሙት ከማን ይሰሙታል?