433 ክኒን በነፍስ ወከፍ

እናላችሁ ወዳጆቼ፣ በጋዜጠኝነት ከተመረቅኩ በኋላ ዲቪ ደርሶኝ የመጣሁት ኒውዮርክ ወይም ዋሽንግተን አይደለም። ታላቅ እህቴ ነርስ ሆና የምትሠራባት፣ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ኦሃዮ ወንዝ ዳር ያለች ሀንቲንግተን የምትባል ከተማ ነው። ሕዝቧ 50 ሺህ እንኳን አይሞላም። እንጀራ ለመግዛት ሌላ ግዛት ድረስ እንነዳለን። ዲግሪዬን እህቴ ሳሎን ሰቅዬ የነዳጅ ማደያ ሱቅ ውስጥ የሌሊት ካሸር ሆንኩ። (እማዬ ለጎረቤት «ሚዲያ ላይ ነው የምትሠራው» እያለች ነው። አታሳብቁብኝ።)

አንድ ሌሊት አንድ ወጣት የሽንት ቤቱን ቁልፍ ተቀብሎኝ ገባ። ሃያ ደቂቃ አለፈ። ባንኳኳ መልስ የለም። በትርፉ ቁልፍ ስከፍተው ወለሉ ላይ ተዘርሯል፤ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል። እኔ ምን አደረግኩ? 911 ደወልኩና ደንዝዤ ቆምኩ። ወተት ልትገዛ የመጣች አንዲት አሮጊት ገፋ አድርጋኝ ገባች። ከቦርሳዋ ናርካን የሚባለውን፣ አፍንጫ ውስጥ የሚረጨውን መድኃኒት አውጥታ ረጨችለት፤ ትንፋሽም በአፉ ሰጠችው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አሳለውና ተነፈሰ። አምቡላንሱ ሲወስደው ሴትዮዋ እጇን ታጥባ የወተቷን ሒሳብ ከፈለች። «ለልጄ አልደረስኩላትም» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም። ወተቱ ለልጅ ልጇ ነበር።

ጠዋት ለእህቴ ሁሉንም ተረኩላት። መጨረሻ ላይ «ምን ይደረጋል፣ በገዛ እጁ ያመጣው ነው» አልኩ። እህቴ ሲኒዋን አስቀመጠች። «አንቺ ጋዜጠኛ ነኝ አላልሽም? ማን እንዳመጣው ሳትጠይቂ ነው የምትፈርጂው?»

አፈርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሌሊት ፈረቃዬ ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

ነገሩ የጀመረው በጨለማ ሰፈር ሳይሆን በሐኪም ቤት ነው። ፐርዱ ፋርማ የተባለው ኩባንያ በ1996 ኦክሲኮንቲን የሚባል ኃይለኛ የህመም ማስታገሻ ገበያ ላይ አወጣ። ሻጮቹ ከሐኪም ሐኪም እየዞሩ «ሱስ የሚይዘው ከመቶ አንድ ሰው እንኳን አይሞላም» ይሉ ነበር። በዚያ ዘመን ለዚህ አባባል እንደ ማስረጃ በተደጋጋሚ ሲጠቀስ የኖረው በ1980 በአንድ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣች፣ አምስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ያላት ደብዳቤ ናት። እሷም የምታወራው ሆስፒታል ተኝተው ስለታከሙ ሰዎች እንጂ ክኒን ቤታቸው ወስደው ለወራት ስለሚውጡ አይደለም። አምስት ዓረፍተ ነገር! እኛ እኮ ለአንድ ተራ ዜና ሁለት ምንጭ አምጡ እየተባልን ነው የተመረቅነው።

ዌስት ቨርጂኒያ ደግሞ የድንጋይ ከሰል አገር ናት። ወገቡ የተጎዳ፣ ጉልበቱ ያለቀ ሠራተኛ ሞልቷታል። ህመሙ እውነተኛ ነበር፤ ውሸቱ ያለው መድኃኒቱን በሸጡበት ቃል ላይ ነው። በ2007 የፐርዱ አንድ እህት ኩባንያ ስለ ሱሱ አደጋ አሳስቶ መሸጡን ፍርድ ቤት ቀርቦ አመነ። ክኒኑ ግን መጉረፉን አላቆመም።

ምን ያህል እንደጎረፈ ያሳወቀን የክፍለ ሀገር ጋዜጠኛ ነው። የቻርልስተን ጋዜት-ሜይሉ ኤሪክ አይር። ኩባንያዎቹ እንዲደበቅ የታገሉትን ሰነድ አግኝቶ በ2016 ይፋ አደረገው። ከ2007 እስከ 2012 ባሉት ስድስት ዓመታት አከፋፋዮች ወደዚህች ግዛት 780 ሚሊዮን የሁለት ዓይነት ማስታገሻ ክኒኖች ልከዋል። አያቶችና አራስ ሕፃናት ሳይቀሩ ቢካፈሉት ለእያንዳንዱ ሰው 433 ክኒን ይደርሳል። 400 ሰው ገደማ በሚኖርባት ከርሚት ለምትባል መንደር፣ ለአንድ ፋርማሲ ብቻ፣ በሁለት ዓመት ወደ 9 ሚሊዮን የሚጠጋ ክኒን ገብቷል። በነዚያው ስድስት ዓመታት 1,728 የግዛቷ ነዋሪዎች በእነዚህ ሁለት መድኃኒቶች ሞተዋል። አይር በ2017 ፑሊትዘር ተሸለመ። በ2018 መጀመሪያ ጋዜጣው ለኪሳራ ፍርድ ቤት ገባ። የሙያችን ነገር እንዲህ ነው።

ክኒኑ ላይ ቁጥጥር ሲጠብቅ ሱሱ አልጠፋም። ሰዉ ወደ ሄሮይን ሄደ፤ ከዚያ ፈንታኒል መጣ። ነሐሴ 15 ቀን 2016 በዚህችው በሀንቲንግተን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከ20 የሚበልጡ ሰዎች ራሳቸውን ስተው ወደቁ። በ2021 በአሜሪካ ከ100,000 ሰው 32ቱ በመድኃኒትና በአደንዛዥ ዕፅ ብዛት ሲሞቱ በዌስት ቨርጂኒያ 91 ያህሉ ሞተዋል።

የሞተው ሲቆጠር ደግሞ የተረፈው ይረሳል። እህቴ የምትሠራው አራስ ሕፃናት ክፍል ነው። በ2017 አካባቢ በዚህች ግዛት ከሚወለዱ 100 ሕፃናት ወደ 5 የሚሆኑት በእናታቸው ማህፀን የለመዱት መድኃኒት ሲቋረጥባቸው የሚመጣው ህመም ነበረባቸው። «ለቅሷቸው ሌላ ነው» ትላለች እህቴ፣ «ቀጭን ነው፤ ይንቀጠቀጣሉ፤ መብራት ቀንሰን፣ ጥብቅ አድርገን ጠቅልለን አቅፈን እናድራለን።» ከሆስፒታል ሲወጡ ብዙዎቹን የሚያሳድጓቸው አያቶቻቸው ናቸው፤ እንደዚያች ወተት ገዢ ሴትዮ።

መርፌም አለ። ዋና ከተማዋ ቻርልስተን በ2015 ንጹህ መርፌ የሚታደልበት ፕሮግራም ጀምራ ነበር። ነዋሪው በየሜዳው የሚጣለው መርፌ አስመርሮት ቅሬታ ሲበዛ በ2018 ተዘጋ። ከዚያ ኤች አይ ቪ በመርፌ ተጠቃሚዎች መካከል ተዛመተ፤ በ2021 አንድ የፌዴራል ጤና ባለሥልጣን በአገሪቱ ካሉት ወረርሽኞች ሁሉ አሳሳቢው ይህ ነው አሉ። በዚያው ዓመት ግዛቷ የመርፌ ፕሮግራሞችን ይበልጥ የሚያጠብቅ ሕግ አወጣች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይሉ የለ የእኛ ሰዎች?

ሀንቲንግተን ግን ከደበቁት አይደለችም። ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ ወድቆ የተረፈ ሰው ካለ የአምቡላንስ ባለሙያ፣ ፖሊስና የሱስ አማካሪ ሆነው በ72 ሰዓት ውስጥ ቤቱ ድረስ ይሄዳሉ። ሊያስሩት ሳይሆን «መታከም ትፈልጋለህ ወይ?» ሊሉት። ናርካንም ከ2023 ጀምሮ ያለ ሐኪም ወረቀት ይሸጣል። በመላው አሜሪካ በ2023 ወደ 105,000 የነበረው ሟች በ2024 ወደ 80,000 ወርዷል። አሁንም ብዙ ነው። ግን ሲወርድ እያየን «ምን ይደረጋል» ማለት አንችልም።

«በገዛ እጁ» ያልኩት ቃል እስካሁን ይቆጠቁጠኛል። አዲስ አበባ እያለሁም ብዙ ጊዜ ብየዋለሁ፤ ሰፈራችን ቱቦ ዳር ስለሚተኛው ልጅ፣ ስሙን እያወቅኩ «ሱሰኛው» ስለምለው። እናንተስ ብላችሁ አታውቁም?

ባለፈው እሁድ ከእማዬ ጋር በቪዲዮ ስናወራ ቦርሳዬን ሳራግፍ ናርካኑ ወደቀ።

«ምንድን ነው እሱ? አመመሽ እንዴ?»

«ለሰው ነው እማዬ።»

«ለማን?»

«አላውቀውም።»

ትንሽ ዝም አለች። «እንግዲያው ስትወጪ እንዳትረሺው» አለችኝ።